ውሃን በጠብታ አድርጎ በፕላዝማ ውስጥ ማሳለፍ፦ ለአቃቂ ወንዝ ይሆናል ወይ?

አቃቂ_ዳር (ሰኞ ማታ 2:40)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ከአቃቂ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ከቤቴ ወንዙ ጋ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። እዚህ የኖረ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ይሄ ውሃ ቀለም አለው። የክረምቱን ድፍርስ ማለቴ አይደለም። በበጋ ውሃው ሲያንስ፣ አንድ ቀን ጠዋት ትወጣና ሰማያዊ ነገር ሲወርድ ታያለህ። በሌላ ቀን ደግሞ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። ከየት እንደሚመጣ ስም አልጠራም፣ ማስረጃም የለኝም። ግን ውሃው እዚያው አይቀርም። አከራዬ (እትዬ ነው የምላቸው) ከዚሁ ወንዝ በሞተር እየሳቡ ጎመንና ቆስጣ ያጠጣሉ። ጎመኑን እኔም እበላለሁ። የተረፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ ወንዝ ነው።

ወደ ጥያቄዬ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ አየሁ። ብርጭቆ የመሰለ ቱቦ አለ፣ ከላይ ሰማያዊ ውሃ እንደ ጉም ይረጫል፣ መሃል ላይ ወይን ጠጅ ብርሃን ቦግ ብልጭ ይላል፣ ከታች የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ። ጽሑፉ "ፕላዝማ" ይላል። መሥሪያ ቤት ለልጆቹ ባሳያቸው ሳቁብኝ፣ ማስታወቂያ ነው አሉኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ለምን በጠብታ? ዝም ብሎ ውሃው ውስጥ አይከቱትም? ደግሞ ሞኝ አትበሉኝ እንጂ፣ ወንዙ ውስጥ የሚገባው ቦይ አፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢተከል ምን ይላችኋል?


ቱሉ_ዲምቱ_ኮንዶ (ሰኞ ማታ 2:58)

እኛ ጋ መጀመሪያ ውሃው ይምጣ፣ ከዚያ በፕላዝማም በጸሎትም እናጣራዋለን።


ነጠላ_ኤሌክትሮን (ሰኞ ማታ 4:15)

ወንድሜ፣ ሞኝ አይደለህም፣ ቪዲዮውም የማጭበርበሪያ አይመስለኝም። የመመረቂያ ሥራዬ በዚሁ ላይ ስለነበር ትንሽ ላውራ።

ፕላዝማ ሩቅ ነገር አይደለም። መብረቅ ፕላዝማ ነው። ፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ የሚበራውም ፕላዝማ ነው። አየር በተለመደው ጊዜ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቂ ቮልቴጅ ሲጫንበት ግን ኤሌክትሮኖች እየተላቀቁ ይሮጣሉ፣ ሲሮጡ ሌላውን ይገጫሉ፣ የተገጨውም የራሱን ኤሌክትሮን ይለቃል። እንዲህ የተበታተነ ጋዝ ነው ፕላዝማ የሚባለው። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚውር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928።

ለውሃ የሚፈለገው ቀዝቃዛው ዓይነት ነው። ኤሌክትሮኖቹ ብቻቸውን ከ10,000 ዲግሪ በላይ ይግላሉ፣ ቀሪው ጋዝ ግን የክፍል ሙቀት ላይ ይቆያል። ዘዴው ቮልቴጁን በጣም ለአጭር ጊዜ፣ ለናኖሴኮንዶች፣ መልቀቅና ማጥፋት ነው። ኤሌክትሮን ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይፈተለካል። ከባዱ ሞለኪውል ገና ሳይሞቅ ቮልቴጁ ይጠፋል። ምጣዱ ሳይግል ቡናውን እንደ መቁላት አድርገህ አስበው።

እነዚያ የጋሉ ኤሌክትሮኖች የውሃ ሞለኪውል ሲመቱ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ጉልበተኛ ይወለዳል። አንድ ኦክስጂን፣ አንድ ሃይድሮጂን፣ ግን ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን ያለው። ስለዚህ ካገኘው ሁሉ ይቀማል፣ አይመርጥም። ይህ የመቀማት ጉልበት በቮልት ይለካል፤ ክሎሪን 1.36፣ ኦዞን 2.07፣ ሃይድሮክሲል 2.8 ነው። የጨርቅ ማቅለሚያ፣ የመድኃኒት ቅሪት፣ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ ሁሉንም ይቆራርጣል።

አሁን የጠብታው ጉዳይ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሃይድሮክሲል ዕድሜ የለውም። ውሃ ውስጥ ሲገባ ማይክሮሴኮንድ እንኳ ሳይሞላው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ያልቃል። ከተወለደበት ቦታ ርቆ መሄድ አይችልም። ባልዲ ሙሉ ውሃ አስቀምጠህ ከላዩ ፕላዝማ ብታበራ ሃይድሮክሲሉ የሚደርሰው የላይኛውን ስስ ገጽ ብቻ ነው፣ የታችኛው ውሃ ወሬውንም አይሰማ። ውሃው ውስጥ ልክተተው ብትል ደግሞ ውሃ ውስጥ ብልጭታ ለማስነሳት የሚፈጀው ቮልቴጅ ከአየር በጣም ይበልጣል፣ ኤሌክትሮዱም ይበላል።

ስለዚህ ውሃውን ራሱን ገጽ ታደርገዋለህ። ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሊትር ውሃ አንድ ትልቅ ኳስ ብትሆን ገጿ አንድ ኤፎር ወረቀት አይሞላም። ያችኑ ሊትር 0.1 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ጠብታዎች ብትረጫት 60 ካሬ ሜትር ገጽ ትሰጥሃለች። አስር እጥፍ ብታደቅቃት 600 ካሬ። ውሃው ያው አንድ ሊትር ነው።


ቱሉ_ዲምቱ_ኮንዶ (ሰኞ ማታ 4:21)

የኔ ባለ ሁለት መኝታ 60 ካሬ አይሞላም። በአንድ ሊትር ውሃ ተበለጥኩ።


አቃቂ_ዳር (ማክሰኞ ጠዋት 1:05)

ኧረ ይመችህ ኤሌክትሮን! ነገሩ ገና አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር፣ ጠብታው ሲወድቅ ብልጭታው ውስጥ የሚቆየው ለስንት ጊዜ ነው? ዓይኔ እያየ ሽው ብሎ አይደል የሚያልፈው?


ነጠላ_ኤሌክትሮን (ማክሰኞ ጠዋት 2:30)

ጥሩ ጥያቄ ነው። የ1 ሚሊሜትር ጠብታ በሴኮንድ 4 ሜትር ያህል ይወርዳል። የ0.1 ሚሊሜትሯ ግን በሴኮንድ 30 ሴንቲሜትር እንኳ አትሞላም፣ ተንሳፋ ነው የምትወርደው። ማድቀቅ ገጹንም ጊዜውንም ይጨምራል ማለት ነው። ካልበቃ ከታች ሰብስበህ በፓምፕ መልሰህ ታዞረዋለህ።

ደግሞ ይሄ ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም። ፊንላንድ ላፔንራንታ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ በዚህ አሠራር ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ውሃው ከላይ እንደ ሻወር ይወርዳል፣ በተዘረጉ ሽቦዎችና በብረት ሰሌዳዎች መሃል ያልፋል፣ ብልጭታውም እዚያው ያገኘዋል። ብዙ ዓይነት አሠራሮች በኃይል ፍጆታ ሲነጻጸሩም ውሃውን ወደ ፕላዝማው መርጨት ከቆጣቢዎቹ አንዱ ሆኖ ነው የሚገኘው።

እንዲያውም ነገሩ አዲስ አይደለም ብል ይሻላል። ቨርነር ፎን ሲመንስ ኦዞን የሚሠራበትን የብልጭታ ቱቦ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን በኦዞን ማከም የጀመረችው በ1906 ነው። ኦዞን ማለት ቱቦ ውስጥ በፕላዝማ ተሠርቶ በሌላ ቱቦ ወደ ውሃው የሚሄድ ጋዝ ነው። ልዩነቱ ኦዞን መንገድ ይችላል፣ ሃይድሮክሲል አይችልም። ለዚህ ነው ጠብታውን ፕላዝማው ቤት ድረስ የምንወስደው።


ቮልት_ቃሊቲ (ማክሰኞ ከሰዓት 8:10)

ጥገና ሱቅ አለኝ። ከድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን የፈታኋቸው ሦስት ፍላይባኮች (ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጡት ትራንስፎርመሮች) ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዳቸው 25 ኪሎቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። ጀርባ ላይ ከሚታዘለው የመድኃኒት መርጫ ኖዝሉን (የሚረጭበትን አፍ) ፈትቼ ከላይ ባንጠለጥል፣ በፒቪሲ ቱቦ መሃል ሽቦ ብዘረጋ፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ ባለብስ? ቅዳሜ ልሞክረው አሰብኩ። ፕላዝማ ላብራቶሪ ሁልጊዜ ፈረንጅ አገር ብቻ ነው እንዴ?


ነጠላ_ኤሌክትሮን (ማክሰኞ ማታ 1:45)

ቮልት፣ በናትህ ቅዳሜን ተዋት። ጉጉትህን ሳልንቅ ነው የምለው።

አንደኛ፣ ፍላይባክ የሚሰጥህ ቀጣይ ዲሲ ነው፣ እኛ የምንፈልገው የናኖሴኮንድ ምት ነው። ጠብታዎቹ ሽቦውንና ቆርቆሮውን ሲያገናኙት ያ የተበተነ ወይን ጠጅ ብርሃን (ኮሮና ነው የሚባለው፣ ከበሽታው በፊት የነበረ ስም ነው) ወዲያው አንድ ወፍራም ፍንጣሪ ይሆንብሃል። ኃይሉ ሁሉ በዚያች መስመር ያልፋል። ያኔ የሠራኸው ውድ የውሃ ማሞቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ እዚህ የምንኖር ሰዎች የምንረሳው ነገር አለ። ባህር ጠለል ላይ 1 ሚሊሜትር አየር 3 ኪሎቮልት ያህል ይችላል። አቃቂና ቃሊቲ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ አራት እጅ ሦስቱ ያህል ነው። አየሩ የሚችለው ቮልቴጅም በዚያው ልክ ይወርዳል። ብልጭታው በቀላሉ ይጀምራል፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ውጭ አገር የተለካ ክፍተትና ቮልቴጅ እዚህ እንዳለ ከተገለበጠ ቶሎ ወደ ፍንጣሪ ይሄዳል። እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ይሄ ነው፤ የውጭው ጥናት 20 ኪሎቮልት ይላል፣ የኔ ዕቃ 16 ላይ ቷ ይላል፣ ኖዝሉን ስቀይር፣ ሽቦውን ስቀይር፣ ጥፋቱ ከፍታው ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ስንት ቀን ከለፋሁ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ኦዞን። ከመብረቅ በኋላ የምትሸተው ያች ሽታ ናት። በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ሳንባ ትጎዳለች። ብዙ አገር ለሠራተኛ የተቀመጠው ገደብ ከአስር ሚሊዮን የአየር እጅ አንድ እጅ ነው። ፍላይባኩ ከተነቀለ በኋላም የቀረ ቻርጅ ሊይዝ ይችላል። ከእርጥብ ወለል ጋር ደግሞ ራስህ አስበው። ማይክሮዌቭ ትራንስፎርመርማ ጭራሽ እንዳትነካ፣ ሰው ገድሏል።


ቮልት_ቃሊቲ (ማክሰኞ ማታ 1:59)

እሺ ተውኩት። የከፍታውን ነገር ግን አላውቅም ነበር፣ ስንት ዓመት በዚህ ሙያ ላይ ሆኜ።


መምህር_ዘሰበታ (ማክሰኞ ማታ 3:20)

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። ሰበታ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ። አንድ ትልቅ ነገር ስለተዘለለ ነው የገባሁት።

ሃይድሮክሲል የሚቆራርጠው ውህድን ነው። ካርቦንን ከካርቦን፣ ናይትሮጂንን ከናይትሮጂን ይለያያል። ጥሩ። ወንዛችሁ ውስጥ የሚወርደው ግን ውህድ ብቻ ነው ወይ? ቆዳ በፋብሪካ ሲለፋ በብዛት የሚገባው የክሮሚየም ጨው ነው። ቆዳው ሁሉንም አይጠጣም፣ የተረፈው ከውሃው ጋር ይወጣል። ክሮሚየም ንጥረ ነገር ነው። እርሳስም፣ ካድሚየምም እንዲሁ። ንጥረ ነገርን በኬሚካል ምላሽ መቆራረጥ አይቻልም፤ በመብረቅም ብትመቱት ክሮሚየም ክሮሚየም ነው።

ይባስ ብሎ ክሮሚየም ሁለት ፊት አለው። ከቆዳ ፋብሪካ በብዛት የሚወጣው ባለ ሦስት የሚባለው ሲሆን ጉዳቱ ያነሰ ነው። ባለ ስድስቱ ካንሰር ያመጣል። እንደ ኦዞን ያለ ኃይለኛ ነገር ባለ ሦስቱን ወደ ባለ ስድስት ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ አቶ አቃቂ ዳር፣ ያ ሐምራዊ ማሽን ቦዩ አፍ ላይ እንዳለ ቢተከል ቀለሙን አጥፍቶ መርዙን ሊያከፋው ይችላል። ውሃው ደግሞ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ሰው አምኖት ይጠቀምበታል።

ክሮሚየም ባለ ሦስትን የሚያስወግደው ርካሹ ነገር ኖራ ነው። የውሃው ፒኤች ወደ 8ና 9 ሲወጣ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይቀመጣል። ጭቃውም ሜዳ ላይ አይጣልም እንግዲህ። መጀመሪያ ኖራ፣ ከዚያ ማጣራት፣ ፕላዝማው ካስፈለገ ከሁሉ በኋላ።


ነጠላ_ኤሌክትሮን (ማክሰኞ ማታ 3:50)

መምህር፣ ትክክል ነዎት፣ እኔም መጀመሪያ ማለት የነበረብኝን ነው የነገሩን። በፍቅር ተወስጄ ረሳሁት። ስምጥ ሸለቆ ያለው የፍሎራይድ ችግርም እንደዚያው ነው፣ ፍሎራይድን ፕላዝማ አያጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ እዚያ የሚያደርስ ሌላ ዘዴ ነው የሚያስፈልገው።

በአየር ውስጥ የሚበራ ፕላዝማ ናይትሬትም ይጨምራል፣ ውሃውንም ያኮመጥጠዋል። አየሩ አብዛኛው ናይትሮጂን አይደል። ለመስኖ ሊጠቅም ይችላል፣ ናይትሬት ማዳበሪያ ነው። ለመጠጥ ግን በሊትር ከ50 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም።


ቀለም_ቤት (ረቡዕ ጠዋት 3:15)

ሰላም። በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ላብራቶሪ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙን አልናገርም፣ አሁንም እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ።

"ውሃው ጥርት አለ" የምትሉት ነገር ያስፈራኛል። ቀለም ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳ። ብዙዎቹ የጨርቅ ማቅለሚያዎች አዞ (ከእንስሳው ጋር አይገናኝም፣ የኬሚስትሪ ስም ነው) ይባላሉ። መሃላቸው ላይ ሁለት ናይትሮጂኖች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ ቀለሙን የሚሰጠው ያ ድልድይ ነው። ሃይድሮክሲል ይመጣና ድልድዩን ይሰብራል። ቀለሙ በደቂቃዎች ጠፋ! ግን የድልድዩ ግራና ቀኝ የነበሩት የካርቦን ቀለበቶች አሁንም ውሃው ውስጥ ናቸው። ዓይን አያያቸውም። እነሱን እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርሶ መጨረስ ከቀለሙ ማጥፋት ብዙ እጥፍ ጊዜና ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ ቪዲዮ ሳይ የምጠይቀው "ካርቦኑ ስንት ቀረ?" ነው።

እኛ ጋ አንድ አለቃ ነበረን፣ ቁጥጥር ይመጣል በተባለ ቁጥር ፍሳሹ ላይ በረኪና አድፉ የሚል። ቀለሙ እልም ይላል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ክሎሪኑ ከእነዚያ ቀለበቶች ጋር ተያይዞ ከመጀመሪያው የባሰ ነገር እየሠራ ነው። ተናገርኩ፣ አልሰማኝም። ከወጣሁባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው።

ሌላው፣ የማቅለሚያ ቤት ውሃ እንደ ላብራቶሪ ውሃ ንጹሕ አይደለም። ክሩን ለማጠንከር የገባ ስታርች አለበት፣ ሳሙና አለበት፣ ጨው በገፍ አለበት፣ ሶዳ አለበት። ሃይድሮክሲል ደግሞ አይመርጥም ተብሏል። ስታርቹንም፣ ከሶዳው የመጣውን ካርቦኔትም ይመታል። ማቅለሚያው ጋ ሳይደርስ ጉልበቱን ጨረሰ ማለት ነው። ኖዝሉም በክር ብናኝ ይደፈናል፣ ሳይደፈን ውሎ ቢያድር ይገርመኛል።

ግን ተስፋ አላስቆርጥም። ፋብሪካ ውስጥ ሁሉም ውሃ አንድ አይደለም። ከማቅለሚያው ጋን በመጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ጥቂት ነው፣ ግን የከበደው ቀለም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማጠቢያ ውሃ ብዙ ነው፣ ቀለሙ ግን ስስ ነው። እዚያው ሳይቀላቀሉ ብትይዟቸው፣ ስሱን በፕላዝማ አጥርቶ መልሶ ለማጠቢያ መጠቀም ይቻላል። ከሁሉም ጋር ተቀላቅሎ ወንዝ ከገባ በኋላማ ሃይድሮክሲል ማቅለሚያውንና የበሰበሰውን ቅጠል በምን ይለያቸዋል?


አቃቂ_ዳር (ረቡዕ ማታ 2:00)

ቀለም ቤት፣ እህቴ፣ እውነቱን ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ህልሜ እየተሸራረፈ ነው ግን እሺ። የመብራቱን ወጪ ብቻ ንገሩኝ። ወንዙን በሙሉ ብንል ስንት ይፈጃል?


ነጠላ_ኤሌክትሮን (ረቡዕ ማታ 3:30)

ለማነጻጸሪያ፣ 1,000 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስተህ እኛ ጋ እስከሚፈላበት 93 ዲግሪ ለማድረስ 85 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያም ሆኖ ማፍላት ማቅለሚያም ብረትም አያስወግድም። ፕላዝማ ለቀላሉ ብክለት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚፈልገው፣ ለአስቸጋሪው በአስሮች ሊገባ ይችላል።

ደግ ሆነን ለ1,000 ሊትር፣ ማለትም ለአንድ ሜትር ኪዩብ፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት እንበል። በሴኮንድ 1 ሜትር ኪዩብ የሚወርድ ወንዝ በሰዓት 3,600 ሜትር ኪዩብ ነው። በ5 ስታባዛው 18,000 ኪሎዋት፤ ይህ 18 ሜጋዋት ማለት ነው፣ ቀንና ሌሊት። አባ ሳሙኤል ያለው ማመንጫ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው። ወንዙን ለማጥራት ወንዙ ራሱ ከሚያመነጨው ሦስት እጥፍ ገደማ ያስፈልገናል።

ቀለም ቤት ያለችውን ግን አስላው። ከአንድ ማጠቢያ መስመር በቀን 50 ሜትር ኪዩብ ቢወጣ 250 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ፋብሪካ ይችለዋል። ሆስፒታልም ይችለዋል፤ የአንቲባዮቲክና የካንሰር መድኃኒት ቅሪት ከሆስፒታሉ ፍሳሽ ሳይወጣ እዚያው ቢመታ ለኔ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒፋስ የሚባሉ፣ በማይጣበቅ መጥበሻና በእሳት ማጥፊያ አረፋ የሚታወቁ ውህዶች አሉ። ሃይድሮክሲል እንኳ አያሸንፋቸውም፣ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ያን ያህል ጠንካራ ነው። እዚያ ላይ ግን ፕላዝማ ሌላ ክንድ አለው፣ ኤሌክትሮኑ ራሱ ይመታቸዋል። አሜሪካ ክላርክሰን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች በአርጎን ጋዝ አረፋ እየሠሩ ቆራርጠዋቸዋል። ፒፋስ እንደ ሳሙና ውሃው ገጽ ላይ መቀመጥ ስለሚወድ አረፋው ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ፕላዝማውም ገጹ ላይ ይጠብቀዋል። ተመልከቱ፣ እዚያም ጨዋታው የገጽ ጨዋታ ነው።


የጎመን_ልጅ (ሐሙስ ጠዋት 2:10)

እኔ ኬሚስትሪ አላውቅም። እናቴ ወንዝ ዳር ጎመን ታመርታለች፣ ያሳደገችኝ በዚያ ነው። ሁላችሁም ስለ ማሽን ስታወሩ እያነበብኩ ነበር። ጥያቄዬ አጭር ነው። ጎመኑ ቢታጠብና በደንብ ቢቀቀል አይለቅም? በሎሚ ወይም በአቼቶስ?


መምህር_ዘሰበታ (ሐሙስ ጠዋት 4:00)

ልጄ፣ ከሁሉም የሚበልጠውን ጥያቄ ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ጀርምና የትላትል እንቁላል በደንብ ሲቀቀል ይሞታል። ከላይ የተጣበቀ አፈርም ሲታጠብ ይሄዳል፣ ከአፈሩ ጋር የነበረ ብረትም አብሮ ይቀንሳል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባው ክሮሚየምና ካድሚየም ግን በመታጠብ አይወጣም። አቼቶውም አያወጣውም።

የአትክልት ዓይነት ግን ለውጥ አለው። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ቅጠላቸው የሚበላ ሁሉ በአብዛኛው ይበልጥ ይይዛሉ። ፍሬው የሚበላ፣ እንደ ቲማቲምና በቆሎ ያለ፣ በአብዛኛው ያነሰ ነው። ካሮትና ድንች ቢላጡ ይሻላል። እናትሽ ከመሬታቸው አንዱን ጥግ ወደ በቆሎ ቢያዞሩት መጀመሪያ ነው።


የጎመን_ልጅ (ሐሙስ ጠዋት 4:25)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። ግን እናቴን ቲማቲም ትከይ ብላት ትስቅብኛለች። ቲማቲም በሽታ ይበላዋል፣ መድኃኒት ይፈልጋል። በቆሎ በዓመት አንዴ ነው። ጎመን ግን በየሳምንቱ ይቆረጣል፣ በየሳምንቱ ብር ነው። ለእኛ ወንዙን መተው ማለት ሳምንቱን መተው ነው። ቀለም የጨመረው እሷ አይደለችም እኮ።


ቱሉ_ዲምቱ_ኮንዶ (ሐሙስ ጠዋት 4:40)

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።


ቀለም_ቤት (ሐሙስ ከሰዓት 9:30)

አቃቂ ዳር፣ አንድ ነገር ሞክርልኝ። የሚቀጥለው ሰማያዊ ጠዋት ሲመጣ ጓንት አድርገህ ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙላ። አንዱን እንዳለ ተወው። አንዱ ውስጥ ትንሽ ኖራ፣ አንዱ ውስጥ ትንሽ የተፈጨ ሽብ ጨምርና ነቅንቀህ አስቀምጠው። ትንሽ ስልህ የሻይ ማንኪያ ጫፍ። ማንም እንዳይጠጣው ጻፍበት፣ ልጆች እንዳያገኙት። ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደማይቀመጥ እንየው።


አቃቂ_ዳር (የሚቀጥለው ሳምንት፣ ሰኞ ማታ 2:15)

ቅዳሜ ጠዋት መጣላችሁ። ሰማያዊው። ሦስቱንም ሞላሁ።

ሳይነካ የቀረው ሁለት ቀን ቆሞም ድፍርስ ነው፣ ታች ትንሽ ጥቁር ነገር ተኝቷል። ሽብ የገባበት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ እርጎ ቋጠረ፣ ጭቃው ሁሉ ወረደ። ኖራ የገባበት ከሁሉ ወፍራም ዝቃጭ አለው፣ አረንጓዴ ይሁን ግራጫ መለየት አልቻልኩም። የሁለቱም ላይኛው ክፍል ጋዜጣ ያስነብባል። ግን ሰማያዊ ነው። ጥርት ያለ ሰማያዊ። ጭቃው ሄደ፣ ቀለሙ ቀረ።


ቀለም_ቤት (ሰኞ ማታ 2:32)

ሪአክቲቭ የሚባለው ማቅለሚያ ይመስለኛል። ውሃ ውስጥ እንደ ጨው ይሟሟል፣ ኖራም ሽብም አይዘውም። ኤሌክትሮን፣ ያንተ ጠብታ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ጭቃው ከወረደና ብረቱ ከተያዘ በኋላ።


ነጠላ_ኤሌክትሮን (ሰኞ ማታ 2:50)

በትክክል። የኖራውን የላይኛውን ውሃ እንዳትደፋው፣ ያለ አየር ክደነው። የድሮ ላብራቶሪዬ ሰዎች ጋ ደውያለሁ፣ ግማሽ ሊትር ይበቃል። መጀመሪያ ክሮሚየሙን እንለካለን፣ ከዚያ ነው የምንረጨው። ካርቦኑንም ከፊትና ከኋላ እንለካለን፣ ቀለም ቤት እንዳትጮህብን።


ቮልት_ቃሊቲ (ሰኞ ማታ 2:58)

ጠርሙሱን የሚያደርሰው ሰው ካስፈለገ ሞተር ሳይክል አለኝ። ዕቃው ሲበራ አጠገቡ ልቁም ብቻ፣ ምንም አልነካም።


አቃቂ_ዳር (ሰኞ ማታ 3:20)

ይሁን፣ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ድልድዩ ጋ እንገናኝ።

እትዬ ዛሬ ሦስቱን ጠርሙሶች መስኮት ላይ አዩዋቸው። መድኃኒት ነው ወይ አሉኝ። ከወንዙ ነው፣ ተጣርቶ ነው አልኳቸው። ሰማያዊውን አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙትና ብዙ ቆዩ። "ጭቃው ሸፍኖት ነው እንጂ፣ ጎመኔ ይሄን ነው የሚጠጣው?" አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን ቦታው መልሰው ሞተሩን ሊያስነሱ ወረዱ፣ የማጠጫ ተራቸው ነበር።